የባልጩት ነፍጥ እሳት፦ ፍጥነቱና አስተማማኝነቱ እንዴት ይፈተናል?

(መግቢያ፦ የማሲንቆ ዜማ ለአጭር ጊዜ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ ከንግግሩ ሥር ይቀጥላል።)

አቅራቢ፦ የዛሬው ትምህርት በአባቶች ዘመን ስለነበረው ከአፈሙዙ ስለሚጎርስ ነፍጥ ሲሆን፣ በተለይም ቃታው ከተሳበ በኋላ ባሩዱ እሳት እስኪይዝ ድረስ ባለችው እጅግ አጭር ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚከናወን፣ ነፍጡ ለምን አንዳንድ ጊዜ እንደሚዘገይና እንደሚከሽፍ፣ የእጅ ባለሙያዎችም ይህን ጉድለት በምን ዓይነት ፈተና ለይተው እንደሚያስተካክሉት ያብራራል።

ትምህርቱ የሚያተኩረው በታሪክና በእጅ ጥበብ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከውስጡ የሚገኘው የፍተሻ ዘዴ ለወፍጮ ጥገና፣ ለውኃ መሳቢያ ሞተርና ለማንኛውም የቴክኒክ ሥራ የሚጠቅም በመሆኑ፣ በተለይ ተማሪዎችና በሙያ ማሠልጠኛ ያሉ ወጣቶች በጥሞና እንዲከታተሉት ይመከራል።

(ዜማው ይቆማል።)

አቅራቢ፦ ለመሆኑ አንድ ነፍጥ ጥሩ ነው የሚባለው በምን ነው? ርቆ በመምታቱ ነው? በአፈሙዙ ርዝመት ነው? ወይስ ቃታው በተሳበ ቁጥር ሳይዘገይና ሳይከሽፍ በመተኮሱ? አድማጮች ይህን ጥያቄ በልባቸው ይዘው ይቆዩ።

(አጭር ዝምታ።)

አቅራቢ፦ የነፍጥ ታሪክ ለራያ አካባቢ ሩቅ አይደለም። ከዋጃ ተነሥቶ በአላማጣ በኩል የግራካሱን ዳገት የወጣና ኮረምን ያለፈ መንገደኛ የአሸንጌን ሐይቅ ያገኛል። በዚያው አካባቢ ወፍላ በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1542 ክረምቱን እዚያ ሰፍሮ ያሳለፈው በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመራ የፖርቱጋል ጦርና የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተዋግተዋል። ከአንድ ዓመት በፊት በምጽዋ የወረደው የፖርቱጋል ጦር 400 ያህል ሰው የነበረው ሲሆን፣ ኢማሙም በየመን ካለችው ከዘቢድ ገዥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነፍጠኞች መጥተውለት ስለነበር ድሉ የእሱ ሆነ፤ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ።

በዚያ ውጊያ ላይ የነበሩት ነፍጦች ባለ ክር የሚባሉት ናቸው። ባለ ክር ነፍጥ ማለት ተኳሹ ቀስ ብሎ የሚጤስ የጥጥ ወይም የሌላ ቃጫ ገመድ ይዞ የሚዞርበት፣ ቃታው ሲሳብም የገመዱ ፍም ወርዶ በነፍጡ ጎን ያለውን ጥቂት ባሩድ የሚለኩስበት መሣሪያ ነው። አሠራሩ ቀላል፣ ለመጠገንም የማያስቸግር ነበር። ነገር ግን ፍሙ በዝናብ ይጠፋል፣ በሌሊት ከሩቅ ይታያል፣ ሽታውም ያጋልጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚነድ ገመድ ይዞ ባሩድ መያዝ ለባለቤቱ ለራሱ አደጋ ነው።

(ድምፅ፦ ድንጋይ በብረት ላይ ሁለት ጊዜ ሲመታ።)

አቅራቢ፦ ታዲያ የሚነድ ገመድ ሳይያዝ እሳቱን ነፍጡ ራሱ በተፈለገበት ቅጽበት ሊፈጥረው አይችልም? ይህ ጥያቄ የአውሮፓን አንጥረኞች ለረጅም ጊዜ ሲያሠራ ቆይቶ፣ በተሟላ ሁኔታ መልስ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1610 አካባቢ ነው። ፈረንሳዊው ማረን ለ ቡርዥዋ በዚያ ጊዜ ለንጉሥ ሉዊ 13ኛ የሠራው ባለ ባልጩት ነፍጥ ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ብዙ ሠራዊቶች ለተጠቀሙበት ዓይነት መነሻ ሆነ።

ስለ አሠራሩ ለመናገር አምስት ክፍሎችን ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው በመንጋጋው ባልጩት ነክሶ የሚይዘውና ቃታው ሲሳብ ወደ ፊት የሚፈነጠረው ክንድ ነው። ሁለተኛው ለዚህ ክንድ ጉልበት የሚሰጠው አውራው ሞላ ነው። ሦስተኛው ከፊት ለፊት ቆሞ የባልጩቱን ምት የሚቀበለው ብረት ሲሆን፣ በዚህ ትምህርት የፍንጣሪ ብረት ይባላል። አራተኛው በፍንጣሪ ብረቱ እግር ተከድና የመለኮሻ ባሩድ የምትይዘው ትንሽ ጎድጓዳ ጽዋ ናት። አምስተኛው ከጽዋዋ ወደ አፈሙዙ ሥር፣ ዋናው ባሩድ ወዳለበት የሚያስገባው የእሳት ቀዳዳ ነው።

አምስቱም አንድ ላይ ሲሠሩ እንዲህ ይሆናል፦ ቃታው ሲሳብ አውራው ሞላ ክንዱን ይለቀዋል፤ ባልጩቱ የፍንጣሪ ብረቱን ፊት እየፋቀ ሲወርድ ብረቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ ጽዋዋን ይከፍታል፤ ፍንጣሪው በተከፈተችው ጽዋ ላይ ይረግፋል፤ የመለኮሻው ባሩድ ነድዶ ሙቀቱን በቀዳዳው ያስገባል፤ በመጨረሻም ዋናው ባሩድ ይፈነዳል። ስለዚህ ሥራው አራት ደረጃ አለው፤ እነሱም ምት፣ ፍንጣሪ፣ የጽዋ እሳትና የዋናው ባሩድ እሳት ናቸው። ይህ የትምህርቱ ዋና ነጥብ በመሆኑ ደግሞ ይነገር፦ ምት፣ ፍንጣሪ፣ የጽዋ እሳት፣ የዋናው ባሩድ እሳት።

በሚገባ በተስተካከለ ነፍጥ አራቱም ደረጃዎች ተጠቃለው ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ሊፈጸሙ ስለሚችሉ የተኳሹ ጆሮ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ባልተስተካከለው ግን መጀመሪያ የክንዱ ምት፣ ቀጥሎ የጽዋዋ ጩኸት፣ ከዚያም ዘግይቶ ዋናው ፍንዳታ ተለያይተው ይሰማሉ። በዚህች መዘግየት መካከል የተኳሹ እጅ ይነቃነቃል፣ ዓይኑ ከጽዋዋ ነበልባል ይሸሻል፣ ኢላማውም ቦታ ይለውጣል። ፍጥነት ለዚህ ነፍጥ የትክክለኛነቱ ግማሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

(የማሲንቆ ዜማ በአጭሩ።)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ሁለተኛው ደረጃ፣ ወደ ፍንጣሪው ይገባል። አድማጮች አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ድንጋይና ብረት ሲጋጩ የሚፈነጠረው እሳት ከየትኛው የሚወጣ ነው? ከድንጋዩ ነው ወይስ ከብረቱ?

(አጭር ዝምታ።)

አቅራቢ፦ ብዙ ሰው ከድንጋዩ ነው ይላል፤ እውነቱ ግን ከብረቱ ነው። ስለታሙ የድንጋይ ጠርዝ ከብረቱ ፊት እጅግ ደቃቅ ቅርፊቶችን ይፍቃል፣ በመፋቁም ቅርፊቶቹ ይግላሉ፣ ደቃቅና የጋለ ብረት ደግሞ አየር ሲያገኝ ስለሚነድ ብልጭ እያለ ይወርዳል። የድንጋዩ ድርሻ ከብረቱ ይልቅ ጠንካራና ስለታም ሆኖ መፋቅ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርቶች ይወጣሉ። አንደኛው የድንጋዩን ምርጫ ይመለከታል። እንደ ጥቁር መስታወት የሚያብለጨልጨው የእሳተ ገሞራ ባልጩት እጅግ የሰላ ቢሆንም ተሰባሪ ስለሆነ በጥቂት ምት ጠርዙ ይፈረካከሳል፤ ለነፍጥ የሚመረጠው ጥቅጥቅ ያለው፣ ሲሰበር ጠርዙ ቀጥ ብሎ የሚወጣውና ብዙ ምት የሚችለው ዓይነት ነው። ጠርዙ የደነዘዘ ድንጋይ ብረቱን ከመፋቅ ይልቅ ስለሚገፋው ፍንጣሪው ይመነምናል፤ ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ ጠርዙን በየጊዜው በጥቂቱ እየሸረፈ ያሰላዋል።

ሁለተኛው ትምህርት የብረቱን ጥንካሬ ይመለከታል። የፍንጣሪ ብረቱ በእሳት ግሎ በውኃ ወይም በዘይት ውስጥ ተነክሮ መደንደን አለበት። ብረቱ የለሰለሰ ከሆነ ድንጋዩ ጥልቅ ጭረት ያወጣበታል፤ የሚረግፈው ቅርፊትም ወፍራም ስለሆነ ሳይነድ ይወድቃል። ከልክ በላይ የደነደነ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ በላዩ እየተንሸራተተ ምንም ሳይፍቅ ያልፋል። የብረቱን ፊት በማየት ብቻ ጉድለቱ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይቻላል፤ ጥልቅ ጭረት የበዛበት ለስላሳ፣ አንዳች ምልክት የማይታይበት ግን ከመጠን በላይ የጠነከረ ነው። ለስላሳው ብረት ከከሰል ወይም ከተቃጠለ አጥንት ጋር አየር እንዳይገባበት ተዘግቶ ለረጅም ሰዓት ሲግል ካርቦን ወደ ፊቱ ይገባለታል፤ ከዚያ በኋላ ሲነከር ፊቱ ብቻ ደንድኖ ውስጡ እንዳይሰበር ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

የድንጋዩ አቀማመጥም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ድንጋዩ በመንጋጋው ውስጥ በቁራጭ ቆዳ ተጠቅልሎ ካልታሰረ ይንሸራተታል ወይም ይሰበራል። ጠርዙ ከብረቱ ፊት ጋር እኩል ካልሆነና አንዱ ጥግ ቀድሞ ከነካ ፍንጣሪው ከአንድ ጎን ብቻ ይወጣል። መጀመሪያ የሚነካው የብረቱን ላይኛ ክፍል መሆን አለበት፤ እንዲህ ከሆነ ረጅም ርቀት እየፋቀ ስለሚወርድ ፍንጣሪው ይበዛል። ዝቅ ብሎ ከነካ ግን ብረቱ ገና ሳይፋቅ ወደ ኋላ ይሸሻል።

የሞላዎቹ ሚዛንም መዘንጋት የለበትም። አውራው ሞላ ክንዱን ይገፋል፤ ከፍንጣሪ ብረቱ በታች ያለው ትንሹ ሞላ ደግሞ ብረቱ ያለጊዜው እንዳይከፈት ይይዘዋል። ትንሹ ሞላ ከተፈለገው በላይ ከጠነከረ ብረቱ ዘግይቶ ስለሚከፈት ፍንጣሪው ጽዋዋን አያገኛትም፤ ከደከመ ደግሞ ብረቱ ሳይፋቅ ይከፈታል። አውራውን ሞላ ከልክ በላይ ማጠንከርም መፍትሔ አይደለም፤ ድንጋዩን ይሰባብራልና። ጉልበት መጨመር ሁልጊዜ ፍጥነት መጨመር አይደለም፤ ይህም ሊታወስ የሚገባው ነጥብ ነው።

(ድምፅ፦ የመዶሻ ምት ከሩቅ።)

አቅራቢ፦ ወደ ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ ሲታለፍ፣ ጥያቄው ፍንጣሪው ወደ ባሩድ፣ የጽዋዋ እሳትም ወደ ዋናው ባሩድ እንዴት ይሸጋገራል የሚለው ነው። በጽዋዋ ውስጥ የሚቀመጠው ባሩድ ከዋናው ይልቅ የደቀቀ ይሆናል፤ ደቃቁ ለፍንጣሪው ብዙ ፊት ስለሚያሳይ በፍጥነት ይይዛልና። ባሩዱ በተለይም ከተኩስ በኋላ የሚቀረው ጥላሸቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ጽዋዋ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ካልተወለወለች ቀጣዩ የመለኮሻ ባሩድ በእርጥብ ጭቃ ላይ እንደተቀመጠ ይሆናል። የራያ ቆላ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ በመሆኑ ይህ ችግር እዚያ ሊቀል ቢችልም፣ በክረምት ወደ ኮረም ደጋ ለወጣ ነፍጠኛ ግን ዋና ጠላቱ ነው።

ስለ ባሩዱ አቀማመጥ በዓለም ያሉ የጥንት ነፍጥ ወዳጆች ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ ባሩዱ ከእሳት ቀዳዳው ርቆ በጽዋዋ ዳርቻ ቢቀመጥ ይሻላል ይሉ ነበር። በፈጣን ካሜራና በብርሃን መለኪያ የተደረጉ የቅርብ ዘመን ሙከራዎች ያሳዩት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ባሩዱ ወደ ቀዳዳው በቀረበ መጠን ዋናው ባሩድ ፈጥኖ ይይዛል፣ በራቀ መጠን ይዘገያል። ነገሩ ምድጃ ላይ እሳት ከሚያያይዝ ሰው ሥራ ጋር ይመሳሰላል፤ ጭራሮው ከፍሙ አጠገብ ሲሆን ወዲያው ይያያዛል፣ ከፍሙ ሲርቅ ግን ጭሱ ብቻ ይበዛል።

ይሁንና መቅረብ ማለት ቀዳዳውን መድፈን ማለት አይደለም። ቀዳዳው ራሱ በባሩድ ከተሞላ እሳቱ በሙቀት ዘልሎ መግባቱ ቀርቶ በቀዳዳው ውስጥ ያለውን ባሩድ አንድ በአንድ እያቃጠለ ማለፍ ስለሚኖርበት መዘግየቱ በጆሮ ይሰማል። ስለዚህ ጥንታውያን ነፍጠኞች ቀጭን የሽቦ መርፌ ይይዙና ቀዳዳውን በየጊዜው ይጠርጉት ነበር። የቀዳዳው ስፋትም ልክ አለው፤ ከጠበበ ሙቀቱ አይገባም፣ ከሰፋ ደግሞ የፍንዳታው ኃይል በጎን ያመልጣል። ብዙ ባለሙያዎች የሚመርጡት ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ነው። አንዳንዶችም ቀዳዳውን ከውስጥ በኩል እንደ ማጥለያ አፍ ሰፋ አድርገው ስለሚሠሩት ዋናው ባሩድ ይበልጥ ወደ እሳቱ ይጠጋል።

(የማሲንቆ ዜማ በአጭሩ፤ ከዚያ ይቆማል።)

አቅራቢ፦ ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። አንድ ነፍጥ ሲዘገይ ወይም ሲከሽፍ ጥፋቱ ከአራቱ ደረጃዎች በየትኛው እንዳለ በምን ይታወቃል?

መልሱ ሦስት ሕጎች አሉት፤ የመጀመሪያው በቅደም ተከተል መፈተን ነው። የጥንት ነፍጥ ጠጋኞች በመጀመሪያ ነፍጡ ፍጹም ባዶ መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ ያለ አንዳች ባሩድ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ክንዱን ብቻ እያስመቱ ፍንጣሪውን ይመለከታሉ። ፍንጣሪው ብዙ ነው? ነጭና ብሩህ ነው ወይስ ቀይና ደብዛዛ? የሚረግፈው በጽዋዋ ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? ጉድለቱ እዚህ ላይ ከታየ ወደ ባሩዱና ወደ ቀዳዳው መሄድ አያስፈልግም። ፍንጣሪው ጥሩ ሆኖ ሳለ ጽዋዋ የማትይዝ ከሆነ ጥፋቱ በመለኮሻው ባሩድ ወይም በእርጥበቱ ነው። ጽዋዋ እየነደደች ዋናው ባሩድ የማይይዝ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ በቀዳዳው ወይም በዋናው ባሩድ ነው።

ሁለተኛው ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ድንጋዩን፣ ሞላውንና ባሩዱን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ነፍጡ ቢሻሻልም እንኳ ያሻሻለው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ሦስተኛው ሕግ ደግሞ ደጋግሞ መሞከርና ውጤቱን መጻፍ ነው፤ አንድ ጊዜ መተኮሱ ወይም አንድ ጊዜ መክሸፉ ምንም አያስረዳምና። ሦስቱ ሕጎች እንዲያዙ አሁንም ይደገሙ፦ በቅደም ተከተል መፈተን፣ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ደጋግሞ ሞክሮ መጻፍ።

የዚህ ዓይነት ፈተና ምን ያህል ታላቅ ውሳኔ እንደሚያስወስን አንድ ምሳሌ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1807 ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት በድንጋይ ፍንጣሪ ፈንታ ሲመታ በሚፈነዳ ቅመም ባሩድ የሚለኩስበትን መንገድ በስሙ አስመዘገበ፤ ከዚህም ቅመሙ በትንሽ የመዳብ ቆብ ውስጥ የሚገባበት ባለ ቆብ ነፍጥ ተወለደ። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ወዲያው አልተቀበለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1834 በዉልዊች ሁለቱን ዓይነት ነፍጦች በልዩ ልዩ የአየር ሁኔታ እያንዳንዳቸውን 6000 ጊዜ አስተኮሰ። ባለ ባልጩቱ 922 ጊዜ ከሸፈ፤ ባለ ቆቡ ግን 36 ጊዜ ብቻ። በሌላ አነጋገር ባለ ባልጩቱ ከሰባት ተኩስ አንዱን ያህል ሲያጠፋ፣ ባለ ቆቡ ከመቶ ስልሳ በላይ ተኩስ አንዱን ብቻ አጥፍቷል።

ከሰባት ዓመት በኋላ ዝናብ ይህንኑ ውጤት በጦር ሜዳ አጸናው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1841 በቻይና ካንቶን አጠገብ ሳንዩዋንሊ በተባለ ስፍራ፣ በእንግሊዞች ሥር የነበረ የማድራስ ሕንዳውያን ሻምበል በከባድ ዝናብ ተይዞ ባለ ባልጩት ነፍጦቹ አልተኩስ ስላሉት ተከበበ፤ ያዳነውም ባለ ቆብ ነፍጥ የያዘ የባሕር ወታደሮች ቡድን ነው። በደንብ የተስተካከለ ባለ ባልጩት ነፍጥ እንኳ ጽዋዋ ሲተኮስ ስለምትከፈት ዝናብን ጨርሶ ማሸነፍ አይችልም።

(አጭር ዝምታ።)

አቅራቢ፦ ታዲያ በኢትዮጵያስ ምን ሆነ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል በነፍጠኞቹ ብዛት ገኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዛዊው ካፒቴን ዊልያም ሃሪስ መልእክተኛ ቡድንም ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃ በስጦታ አቅርቧል። ይሁን እንጂ በአውሮፓ ባለ ባልጩቱ ሠፍኖ በነበረበት ዘመን ሁሉ፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በኢትዮጵያ የበዛው ያው ባለ ክሩ ነበር።

ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ መቁጠር ስሕተት ነው። ባለ ክሩ ነፍጥ ቢሰበር የአገር ቀጥቃጭ ያቃናዋል፣ ክሩም ከአገር ጥጥ ይፈተላል። ባለ ባልጩቱ ግን ኃይሉን የማይለቅ ሞላ፣ በልኩ የደነደነ ብረትና የተመረጠ ድንጋይ ሁልጊዜ ይጠይቃል፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ነፍጡ ከዱላ አይሻልም። አዲስ መሣሪያ መቀበል ማለት መሣሪያውን የሚያስተካክለውን እጅም መቀበል ማለት ነው፤ እጁ ሳይዘጋጅ መሣሪያው ብቻውን ቢመጣ ዕድሜው አጭር ይሆናል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን በሚገባ የተረዱ ይመስላል። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችንና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን አሰባስበው መድፍ አስቀልጠዋል፤ ከሥራዎቹ ትልቁ ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ይገኛል። ጅምሩ ግን ለመብሰል ጊዜ አላገኘም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አልፎ መቅደላ ሲደርስ፣ በሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ ሜዳ የቴዎድሮስ ወታደሮች በአመዛኙ ከአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ይዘው ሰናድር በተባለው ከኋላ በሚጎርስ ጠመንጃ ፊት ቆሙ። ከእነሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲወድቁ፣ ከእንግሊዝ ጦር የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በጉራ፣ በዓድዋና በሌሎችም ዐውደ ውጊያዎች ከኋላ የሚጎርሰው ጠመንጃ ሲነግሥ፣ ከአፈሙዙ የሚጎርሰው አሮጌ ነፍጥ በሕዝቡ ዘንድ ቆመህ ጠብቀኝ የሚል ስም ተሰጥቶት ቀረ።

የእጅ ባለሙያው ክብር ግን ለረጅም ዘመን ሳይጠበቅ ቆይቷል። ማረሻውን፣ ጦሩንና ነፍጡን የሚያቃናው ቀጥቃጭ በብዙ ስፍራ በስድብ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ለዚህ ነው። ብረት መቼ ከእሳት ወጥቶ መነከር እንዳለበት በቀለሙ የሚለይ ሰው ዕውቀቱ ከመጽሐፍ ዕውቀት አያንስም፤ አገርም ያለ እሱ አንዲት ሞላ እንኳ ከውጭ ለመጠበቅ ትገደዳለች።

(የማሲንቆ ዜማ ዝቅ ብሎ ይጀምራል።)

አቅራቢ፦ ከመሰነባበት በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በአንዳንድ ቤት ከአያት የተረፈ አሮጌ ነፍጥ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ነፍጥ ለሙከራ ፈጽሞ አይተኮስም፤ አፈሙዙ በዝገት ስለሚሳሳ ሊፈነዳ ይችላል፣ ውስጡም ከብዙ ዘመን በፊት የጎረሰው ባሩድ ሳይወጣ ሊቆይ ይችላል። በአሸዋ ወረቀት አይፈገፈግም፣ ለልጆች መጫወቻም አይሰጥም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ የቅርስ ጥበቃም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚመራ በመሆኑ፣ ባለቤቱ በአቅራቢያው ላለው የፖሊስና የባሕልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባዋል።

ትምህርቱ ሲጠቃለል አድማጮች ሦስት ነገሮችን ይያዙ። አንደኛ፣ የባልጩት ነፍጥ እሳት ምት፣ ፍንጣሪ፣ የጽዋ እሳትና የዋናው ባሩድ እሳት የሚባሉ አራት ደረጃዎች አሉት፤ ከአራቱ የደከመው ደረጃ የሌሎቹን ሁሉ ብርታት ዋጋ ያሳጣል። ሁለተኛ፣ ፍንጣሪው የሚወጣው ከብረቱ ነው። ሦስተኛ፣ ጉድለት የሚገኘው በቅደም ተከተል በመፈተን፣ አንድ ነገር ብቻ በመለወጥና ደጋግሞ ሞክሮ በመጻፍ ነው።

መጀመሪያ ለቀረበው ጥያቄም መልሱ ይኸው ነው፦ ጥሩ ነፍጥ የሚባለው ቃታው በተሳበ ቁጥር ሳይዘገይና ሳይከሽፍ የሚተኩሰው ሲሆን፣ ይህን የሚያደርገው ደግሞ የሚፈትነውና የሚያስተካክለው ባለሙያ ነው። በዋጃ፣ በቆቦና በአላማጣ ያሉ መምህራን ሦስቱን የፍተሻ ሕጎች በወፍጮና በውኃ መሳቢያ ሞተር ላይ ለተማሪዎቻቸው እንዲያስተምሩ፣ ወላጆችም ብረት ሥራን የመረጠ ልጃቸውን በሙያው እንዲያኮሩት አደራ ይባላሉ።

(ዜማው ከፍ ብሎ ዝግጅቱ ያበቃል።)